ክላክስ የነቀለው ኡጁሉ

ኡጁሉ ሞተ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ማን ገጨው?» ነበር ያልኩት።

«ማንም አልገጨውም፤ ወባ ናት» አለኝ ወሬውን ያመጣው ሰው፣ የሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ ላቡን በእጁ እየጠረገ።

ወባ መሆኗን ስሰማ ትንሽ ቀለል አለኝ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕድሜውን በጋምቤላ መንገድ ላይ የፈጀ፣ የዚያን ዘመን ሹማምንት ሁሉ መሪ ያስጨበጠ ሰው በገዛ አልጋው ላይ ተኝቶ በወባ ሲሞት፣ ለሙያው ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ራሱ ኡጁሉ ቢሰማ ጥርሱን ብልጭ ያደርግልኝ ነበር። «አየህ ተስፋዬ» ይለኝ ነበር፣ «እኔን መኪና አላገኘችኝም።»

የተዋወቅነው ክልላችን ክልል በሆነ ማግስት ነው። ያኔ ገና በቁጥር ነበር የምንጠራው፤ ክልል አሥራ ሁለት። በአንድ ክረምት ቢሮ እንደ አሸን ፈላ። ወንበር ሳይኖረው ማኅተም ያለው ቢሮ ነበር፤ ማኅተሙ ሳይደርስለት መኪና የመጣለት ቢሮም ነበር። መኪኖቹ ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ ወንበራቸው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ ያልተገፈፈ ላንድክሩዘሮች ናቸው። የጎደለው ሹፌር ብቻ ነው። መንዳት ያውቁ የነበሩት አብዛኞቹ ከድሮው መንግሥት ጋር ተበትነዋል፤ የቀሩትን ጥቂቶች ቢሮዎቹ ይሻሙባቸው ነበር። ስለዚህ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ሊነዱ ቆረጡ። «ሕዝብ የመራ ሰው መኪና ያቅተዋል?» ተባለ። ሕዝብ ቢያንስ ገደል ሲያይ ራሱ ይቆማል ብሎ የመለሰ ሰው አልነበረም።

እኔ ከባሮ ድልድይ ወዲህ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረችኝ። ከጎሬ የወረድኩ ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴም መንገድ ዳር ነው። ስለ መኪና የማውቀው የሚሰበረውን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ የሱቄ ንጉሥ ክላክስ ነበር። የፍሬን ሸራ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ ክላክስ ግን ገና ካርቶኑ ሳይፈታ ያልቃል። የጋምቤላ ሰው የሚነዳው በክላክስ ነበራ! ፍሬን ለኬላና ለነዳጅ ማደያ ነው፤ ለሰው፣ ለፍየልና ለኩርባ ክላክስ ይበቃል። አንዴ ክላክስ ካደረግህ ኃላፊነቱ ከአንተ ትከሻ ወርዶ እግረኛው ላይ ይወጣል። ሰው ተገጭቶ እንኳ ለቅሶ ቤት የሚጠየቀው «ክላክስ አድርጎለት ነበር?» ተብሎ ነው። አድርጎለት ከነበረ ጥፋቱ የሟች ነው።

ኡጁሉ ይህን ሃይማኖት ሊያፈርስ የመጣ ሰው ነው።

አኝዋክ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መኪና ውስጥ ሲገባ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ። በአቦቦ በኩል በነበረ የመንግሥት እርሻ ትራክተርም የጭነት መኪናም ሲነዳ ኖሮ፣ እርሻው ሲፈርስ ከተማ ገባ። መንጃ ፈቃድ ስጥ የተባለው አዲስ ቢሮ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መንዳት የሚያስተምር እንደሚያስፈልግ ዘግይቶ ትዝ ሲለው እሱን ቀጠረ። ትሑት ሰው እንዳይመስላችሁ። በጋምቤላ ከእኔ በቀር ሹፌር የለም ብሎ የሚያምን፣ ይህንንም ለሰማውም ላልሰማውም የሚናገር ሰው ነው። አማርኛን የተማረው ከትራክተር መካኒኮች ስለሆነ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ «እርስዎ» የምትባለዋን ቃል ማንም መካኒክ አላቀበለውም። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ ፊታቸው ይቀላ ነበር። በኋላ ግን አንድ እግራቸው ፍሪሲዮን፣ አንድ እግራቸው ፍሬን ላይ ሆኖ ስለ ክብር መከራከር ከባድ መሆኑን አዩና ተዉት።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሚማረው መኪናው ነው። ኡጁሉ ኮፈኑን ይከፍታል፤ የክላክሱን ሽቦ ይነቅላል፤ ሽቦውን ኪሱ ይከታል።

«አሁን ንዳ» ይላል።

«ሰው ቢገባብኝስ?»

«ዓይን አለህ፤ እግር አለህ። አፍህን መኪናው ላይ ለምን ትሰቅላለህ?»

ከዚያ በኋላ ብዙ አይናገርም። ተማሪው እንዲቆም ሲፈልግ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ቀስ እያለ ዝቅ ያደርገዋል፤ የተኛ ሕፃን ደረት ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው። ያቺ እጅ ዝቅ ስትል ፍሬኑም አብሮ ዝቅ ማለት አለበት። በድንገት የረገጠ ይሰደባል፤ ዘግይቶ የረገጠ የባሰ ይሰደባል። ተማሪዎቹ ምልክቱን የእርሻው ጥበብ ነው ይሉት ነበር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት የኃላፊዎቹን ወገብ የፈተነው ነው። ማንም ሰው መሪ ከመያዙ በፊት በጠራራ ፀሐይ ውሃ የሞላ ጀሪካን በራሱ ተሸክሞ ከገበያው እስከ ድልድዩ በመንገዱ ላይ ይሄዳል። ይህ የተጻፈ ደንብ አይደለም። ኡጁሉ ነው ያለው፤ ካልተሸከምክ አላስተምርህም ካለ ሌላ አስተማሪ የለም።

ከደጋ ተመድቦ የመጣው የሂሳብ ሹሙ አቶ ጌታቸው የተሸከመ ቀን ከተማው ሥራ ፈትቶ ወጣ።

«አቶ ኡጁሉ፣ እኔ እኮ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ እኔንና ጀሪካንን ምን አገናኘን?»

«ተሸከም።»

ተሸከመ። ዓሣ ሻጮቹ እልል አሉለት። ኡጁሉ መኪናውን ይዞ ከኋላው ቀስ እያለ ሲከተል ቆየና ድልድዩ ሊደርስ ሲል በመስኮት ብቅ ብሎ «ጌታቸው!» ብሎ ጮኸ። ጌታቸው ዞር አለ። ጀሪካኑ ግን አልዞረም፤ ወርዶ ውሃው ካልሲው ውስጥ ገባ።

«ስጠራህ ከመንገዱ ለምን ቶሎ አልወጣህም?»

«ሰውዬ! ይህን ሁሉ ውሃ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ አንገቴ በየት በኩል ይዙር?»

ኡጁሉ ቅርጫት ተሸክማ በአጠገባቸው ወደምታልፍ አንዲት ሴት በአገጩ አመለከተው። ጌታቸው ካልሲውን እየጨመቀ ለረጅም ጊዜ አያት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጌታቸው ሸክም ላለው ሰው ሁሉ ይቆማል። ያልለቀቀው አንድ አመል ብቻ ነበር፤ ኩርባ ባየ ቁጥር መሪውን ትቶ ያማትባል። «እግዚአብሔር እግር ሰጠህ» አለው ኡጁሉ፣ «ፋብሪካው ፍሬን ሰጠህ። አሁን ደግሞ ማንን ትጠራለህ?» ጌታቸው ሃይማኖቴን ነካህ ብሎ አኩርፎ ጠፋ። ሰንብቶ ሲመለስ ግን ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ይዞራል። ኡጁሉ በዚህ በጣም ደስ አለው። «ጸሎቱን ረዘም ቢያደርገው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው» አለኝ።

አሁን ስለ አርያት መናገር አለብኝ፤ ያለ እሷ የኡጁሉ ነገር አይገባችሁም።

አርያት በኢታንግ መንገድ ካለ ወንዝ ዳር መንደር በራሷ ቅርጫት ተሸክማ የምትመጣ ዓሣ ሻጭ ናት። ከእኔ ዘንድ የምትገዛው የባትሪ ድንጋይና የመረብ ክር ነው። እንደ እሷ ያለ ተከራካሪ በንግድ ዘመኔ አልገጠመኝም። ዕቃውን ታነሳለች፣ የምትከፍለውን በጣቷ ታሳያለች፣ ትቆማለች። «አይቀንስም» እላለሁ፤ ቁም። «በእናቴ፣ የመጣበትንም አያወጣ!» እላለሁ፤ ቁም። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ እንደ ባሮ ድልድይ ምሰሶ ቁም። በመጨረሻ ራሴው ደክሞኝ በጣቷ ባሳየችኝ እሸጥላታለሁ። ልቤ ግን ያደንቃታል።

አንድ ቀን ኡጁሉ ሱቄ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሳለ መጣች። እንደ ልማዴ ስምል ስገዘት ኡጁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ለማን ነው የምትምለው? እሷ እኮ አትሰማም።»

«አማርኛ?»

«ምንም። ነጎድጓድም አትሰማም። ልጅ ሆና ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው። ሚስቴ ናት።»

የከተማችንን ነገር ተመልከቱ። ደገኛው አማርኛ አታውቅም ብሎ ተዋት፤ ኑዌሩ የእኔን ቋንቋ አታውቅም ብሎ አለፋት፤ አኝዋኩ ደግሞ ኩሩ ናት ብሎ ተቀየማት። ሁላችንም በጣት ስለምንገበያይ ስንት ዘመን በመካከላችን ስትመላለስ መስማት እንደማትችል ማንም አልጠረጠረም። በጋምቤላ ገበያ ጆሮ ለንግድ የሚያስፈልግ ዕቃ አልነበረም።

አርያት በእኛ ሳቅ ተቆጥታ ክሩን ወረወረችው። ያኔ ኡጁሉ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ቀስ እያለ ዝቅ አደረገው።

«ይቺ ምልክት የእርሻው አይደለችም እንዴ?» አልኩት።

«የቤቴ ናት። ቀስ በይ ማለት ነው።»

«ትበርዳለች?»

«ዓይኗን ትጨፍናለች» አለ። እውነትም ጨፍናለች። «ዓይኗን ከጨፈነች አለቀ፤ አሸንፋሃለች። ከዚህ በኋላ ምን ትላታለህ?»

ስትሄድ በዓይኑ እስከ ድልድዩ ሸኛት። የኢታንግ መንገድ ከረግረጉ ከፍ ብሎ የተሠራ ጠጠር ነው፤ ክረምት ሲገባ ግራና ቀኙ ውሃ ስለሆነ እግረኛ ከመኪናው ጋር በዚያው ላይ ነው የሚሄደው። አርያትም ጠጠሩ እግር የማይቆረቁርበትን፣ ጎማ የደመደመውን መሃሉን ትወዳለች። በዚያ ላይ በራሷ ቅርጫት አለ፤ አትሰማም፣ አትዞርም። እነዚያ ነጫጭ መኪኖች ሁሉ ደግሞ በክላክስ የሚነዱ ናቸው። ኡጁሉ በየቀኑ የሚያስተምረው በየቀኑ ከኋላዋ የሚመጡትን ሰዎች ነው።

«ታዲያ ለሹፌሮቹ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «የኡጁሉ ሚስት አትሰማም፣ ተጠንቀቁ በላቸው።»

«ብነግራቸው ለአርያት ይጠነቀቃሉ። ሌላዋን ይገጫሉ» አለ። ደግሞም ጨመረ፤ «ወይም ስብሰባ ይጠራሉ። የማይሰማ ሰው መንገድ ላይ አይውጣ ብለው ይወስናሉ።»

ይህንስ አልተሳሳተም።

ቾል የመጣው በዚህ መሃል ነው። አቶ ቾል የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነው፤ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር፤ እሱም ራሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በደንብ አያውቀውም ነበር። ኑዌር ነው፤ ሲስቅ ጣሪያ የሚነቀንቅ፣ ሲቆጣም እንደዚያው። ጀሪካን ተሸከም ሲባል ሳቀ። «እኔ ከድንበር እስከዚህ ድረስ በእግሬ የመጣሁ ሰው ነኝ! መሄድ አንተ ታስተምረኛለህ?» አለ። ኡጁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸንፎ ያለ ጀሪካን መሪ አስያዘው።

የቾል አነዳድ ልዩ ነበር። ላም መንገድ ላይ ካየ ከሩቅ ይቀንሳል፣ እንደ ሐር ለስለስ አድርጎ ይቆማል፣ ላሟ እስክታልፍ ይጠብቃል፤ እንዲያውም ቀንዷን አይቶ ያወድሳታል። ከልጅነቱ ከከብት ጋር ያደገ ሰው ነው፤ ለላም መቆም ማንም አላስተማረውም። ሰው ሲያይ ግን እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳለ እጁ የሌለውን ክላክስ ይደበድባል። ክላክሱ ዝም ሲለው በሩን በመዳፉ እየጠፈጠፈ «ዞር በል! ዞር በይ!» ይላል። እግረኛውም በዕድሉ ይተርፋል።

«ለላም ትቆማለህ» አለው ኡጁሉ። «ለሰው ለምን አትቆምም?»

«ሰው ራሱ ይወጣል። ላም ምን ታውቃለች?»

«እንግዲያስ ሰውን ሁሉ ላም ነው በል።»

ቾል ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው። አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ሲመለስ ሦስት ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ክላክስ ይዞ መጣ፤ አንዱ እንደ ባቡር ይጮሃል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሦስተኛውን ምን ልበላችሁ፣ የታነቀ በሬ ነው። ጋራዥ ወስዶ በቢሮው መኪና ላይ አስገጠመው። «ይህን የሚነቅል እጅ ይቆረጣል» አለ። የኢታንግ ወረዳ ቢሮ የሚመረቅበት ቀን ቀርቦ ነበር፤ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ቾል መሪውን ራሱ ይዞ፣ ክላክሱን እያስጮኸ፣ ሕዝቡ መሃል መግባት ፈለገ። የሚቀረው መንጃ ፈቃዱ ላይ የኡጁሉ ፊርማ ነው። ኡጁሉ ክላክሱ ካልተነቀለ አልፈርምም አለ።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ነገር ከሰዓት በኋላ የብሔረሰብ ጉዳይ ይሆን ነበር፤ ክላክስም ሆነ። ስብሰባ ተጠራ። «የኑዌር ክላክስ ለምን ይነቀላል?» አለ አንዱ። «የአኝዋኩም ተነቅሏል» አለ ሌላው። «የደገኛውስ?» ሲባል አቶ ጌታቸው እጁን አውጥቶ «የእኔ ከሁሉም በፊት ነው የተነቀለው» ብሎ መሰከረ፤ ጀሪካኑንም እንዲመዘገብለት ጠየቀ። በመጨረሻ ኡጁሉ ተነሣ።

«ቾል፣ መንገድ ላይ ላም ስታይ የማን ናት ብለህ ትጠይቃለህ?»

«አልጠይቅም። እቆማለሁ።»

«ሰውም እንደዚያ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ተጨበጨበለት፤ ግን አልተስማሙም። ሰብሳቢው መካከለኛ መንገድ አገኘ። ቾል በራሱ መኪና፣ ክላክሱ እንዳለ፣ እስከ ኢታንግ ይፈተን፤ ካለፈ ይፈረምለት፤ ተፈታኙ አልፎ እያለ አልፈርምም የሚል አስተማሪ ከሆነ ደግሞ ቢሮው ሌላ አስተማሪ ይፈልግ። ቾል ወደ ኡጁሉ ዞሮ «ለዕቃህ መጠቅለያ አዘጋጅለት» አለው።

የፈተናው ቀን የኢታንግ የገበያ ቀን ነበር። እኔም ጨውና ሳሙና ጭኜ የምሄድበት መኪና አጥቼ ስለነበር ኋላ ወንበር ላይ ከካርቶኖቼ ጋር ተጠቅጥቄ ተሳፈርኩ። ኡጁሉ ከቾል ጎን ተቀምጧል። ፊቱ ከወትሮው የተለየ ነው።

«አርያትስ?» አልኩት ዝቅ ብዬ።

«ጠዋት ዛሬ አትውጪ አልኳት» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«እና?»

«ጨፈነች።»

ከዚያ በኋላ እኔም እንደ እሱ መንገዱን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነው፤ ግራና ቀኝ ውሃ። ሰዉ ሁሉ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ፍየል የሚጎትት፣ በቆሎ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች። ቾል ባቡሩን ያስጮሃል፤ ሰዉ ወደ ውሃው ዘሎ ይገባል። ያፏጫል፤ ሌላው ይገባል። «አየህ?» ይላል ቾል፣ «ትእዛዝ እንደዚህ ነው።» ኡጁሉ መዳፉን ዝቅ ያደርጋል፤ ቾል አያይም። ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፤ ቾል በሬውን ያስጮሃል።

መንገዱ ቀጥ ካለበት ስንደርስ ከፊታችን አንዲት ሴት በመሃሉ ትሄዳለች። ጀርባዋን ነው የምናየው። በራሷ ቅርጫት አለ። ኡጁሉ ከእኔ በፊት ነው ያወቃት።

ቾል ባቡሩን አስጮኸ። ሴትየዋ ትሄዳለች። አፏጨ። ትሄዳለች። በሬውን ለቀቀው። እሷ እንደ ቄጠማ ለስለስ ብላ ትሄዳለች። የቾል እግር አሁንም ነዳጁ ላይ ነው፤ ክላክስ አድርጓል፣ የቀረው የእሷ ድርሻ ነው። የኡጁሉ እጅ በአየሩ ላይ ዝቅ አለች፣ ማንም አላያትም። ያኔ ኡጁሉ በአኝዋክም በአማርኛም ሳይሆን፣ በሕይወቱ ሲናገረው ሰምቼው በማላውቀው በኑዌር ቋንቋ አንድ ቃል ጮኸ። ቃሏን እኔም አውቃታለሁ፤ በገበያ ከምናውቃቸው ጥቂት የኑዌር ቃላት አንዷ ናት። ላም ማለት ነው።

ቾል ሳያስብ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ጠጠሩን ፈጨው፤ የሳሙና ካርቶኖቼ አናቴ ላይ ወረዱ። መኪናው ሲቆም የፊት መከላከያው ከጀርባዋ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

አርያት አልዞረችም። ምንም አላወቀችም። ቅርጫቷን በአንድ እጇ ደገፍ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

«የታለች ላሟ?» አለ ቾል።

«እሷ ናት» አለ ኡጁሉ።

«ሴት ናት እኮ!»

«ሴት ብልህ አትቆምም።»

ቾል ላብ አጠመቀው። «ክላክስ አድርጌላታለሁ! ሦስቱንም! ለምን አትወጣም?»

«አትሰማም። ሚስቴ ናት።»

ቾል መሪውን እንደያዘ፣ እየራቀች የምትሄደውን ቅርጫት አየ፣ ኡጁሉን አየ፣ መዳፉን አየ። ከዚያ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና ያገኘውን ሽቦ ሁሉ ይነቅል ጀመር። ክላክሱ የትኛው እንደሆነ ስላላወቀ የሞተሩንም ነቀለው። መኪናው ጭጭ አለ፤ ኡጁሉ ቢቀጥለው ቢያቀጣጥለው አልነሣ አለ። ስለዚህ ኢታንግ በእግራችን ገባን። ገበያው ሊያመልጠኝ ስለሆነ አንዱን የሳሙና ካርቶን የቢሮው ኃላፊ በራሱ ተሸከመልኝ። በግማሽ መንገድ ከኋላችን አንድ አይሱዙ ክላክስ አደረገ። ቾል ሊዞር ሞከረ፤ አንገቱ አልዞረም። ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ሳሙናዬን እዚያው ታጥቦ አገኘሁት።

ኡጁሉ ፈረመለት? አልፈረመለትም። «ክላክስ አድርገሃል፤ አላለፍክም» አለው። ቾል ሊያባርረው ይችል ነበር፤ አላባረረውም። የምረቃው ቀን ከጎኑ ተቀምጦ በኡጁሉ መሪ ሄደ። ለሰው ሁሉ ሲቆሙ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ደረሱ፤ የቾል ንግግር በመቅረቱ ሕዝቡ እስካሁን ያመሰግናል። ቾል ያለፈው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በጋምቤላ እንደ እሱ ቀስ ብሎ የሚነዳ አልተገኘም። ሰው ሲያይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ «ላም፣ ላም፣ ላም» ነው የሚለው።

የሌሎቹም ቢሮዎች ሽቦ አንድ በአንድ ተነቀለ። መጀመሪያ ቾልን ለማስደሰት ነበር፣ በኋላ ልማድ ሆነ። በመጨረሻም ስለ ጉዳዩ አበል ያለው ዓውደ ጥናት ተደረገ፤ ኡጁሉ ግን አልተጋበዘም፤ ተሳታፊዎቹን የሚያመላልሰው እሱ ስለነበር ውጭ መኪና ውስጥ ቆየ። የእኔ ክላክስ አቧራ መጠጣት ጀመረ። የፍሬን ሸራ ግን መጥቶ አያድርም።

ይህ ሰው ነው በወባ የሞተው።

ቀብሩ በኢታንግ መንገድ፣ በመንደሩ ነው ተባለ። ሬሳውን የጫነው የቾል ፒክአፕ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነዳ አልፈቀደም። ከኋላው የቢሮዎቹ መኪኖች ተሰለፉ። ከመነሣታችን በፊት ንግግር መደረግ ነበረበት፤ ኡጁሉን ሊያባርረው የነበረው ሰብሳቢ ሳይቀር ስለ ኡጁሉ ተናገረ። ሴቶቹ ንግግር ስለማይጠብቁ አርያትን ይዘው በእግር ቀድመው ወጡ። ስንደርስባቸው የመንገዱን አብዛኛውን ሄደዋል።

ሴቶቹ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ወደ ዳር ወጡ። አርያት በመሃሉ ቀረች፣ ሁልጊዜ በምትሄድበት፣ ጎማ በደመደመው ላይ። አንዷ ልትጎትታት እጇን ስትዘረጋ ቾል በመስኮቱ መዳፉን አወጣና ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው። ተዪያት ማለቱ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገባና በእግሯ ልክ ይከተላት ጀመር። ከኋላው አቶ ጌታቸው፣ ከእሱ ኋላ ሌሎቹ፤ እኔ ጌታቸው ጎን ነበርኩ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ይደርሳል፤ ሁሉም በአርያት እርምጃ።

ከሰልፉ ጭራ አንድ ክላክስ ጮኸ። በቅርቡ የመጣ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሹፌር ነው፤ ነገሩ አልገባውም። ሰዉ ሁሉ ዞረ፤ አርያት ብቻ አልዞረችም። ጌታቸው ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። ሹፌሩ «አባቴ፣ ፀሐይ ገደለን እኮ» አለው አሉ። ጌታቸው ኮፈኑን አስከፈተው። ሲመለስ ሽቦዋን ጭኔ ላይ ጣለልኝ፣ አማተበ፣ ከዚያ ነዳ።

ወደ መንደሩ የምትገነጠለው መንገድ ላይ ስትደርስ አርያት ቆመች። ዞረች። ከኋላዋ የነበረውን ያኔ ነው ያየችው፤ ሬሳውን፣ ቾልን፣ እስከ መታጠፊያው የተሰለፉትን ነጫጭ መኪኖች ሁሉ። ለረጅም ጊዜ አየችን። ዓይኗን አልጨፈነችም። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ መዳፏን ወደ መሬት አደረገች፣ ቀስ እያለች ዝቅ አደረገችው።

ሹፌሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፍሬን ረገጡ። ኡጁሉም ቆመ።